የዶክተሩ ጫማ

አዳማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በየሰፈሩ ነው፤ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ግን ከአንድ ቁም ሳጥን ውስጥ በቀር የትም አላየሁም። ቁም ሳጥኑ የጎረቤቴ ነው። ሰውዬው ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚል ናዱ መጥተው እዚሁ ከተማ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ይላቸዋል። ከላይኛው መደርደሪያ ሸሚዛቸውን አንስተው የዝሆን ራስ ያለውን ጋኔሻን አስቀምጠውበታል። ከፊቱ ሙዝ አለ፣ ሰንደል ይጨሳል። አከራያቸው መጀመሪያ ያዩት ቀን አማትበው ወጡ። ኋላ ግን የቤት ኪራዩ አንድም ወር ሳይዛነፍ ሲገባላቸው፣ ሰንደሉን ከገበያ ራሳቸው ያመጡላቸው ጀመር።

«አገርዎ ትልቁ ምን ያህላል?» ብላቸው የማዱራዩን የሚናክሺ ቤተ መቅደስ በስልካቸው አሳዩኝ። 14 ግንብ አለው፤ የደቡቡ ብቻውን ከ50 ሜትር ያልፋል። ከላይ እስከ ታች ቀለም የተቀቡ አማልክት በበዓል ዋዜማ መናኸሪያ እንደሚጋፋ ተሳፋሪ ተጠቅጥቀውበታል። አገሬን ማስናቅ አልወደድኩም። «የእኛው የዝቋላ አቦ ከ2,900 ሜትር በላይ ነው» አልኳቸው። ተራራውን ጨምሬ መቁጠሬን አላነሳሁም።

መጋቢት 5፣ ለአቦ ንግሥ ዝቋላ ወጣን። ከቢሾፍቱ በአይሱዙ ተጭነን፣ የቀረውን በእግር። ዳገቱ ላይ ሕፃን ያዘለች፣ ዣንጥላ የታቀፈች ሴት አብራን ትወጣለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ዣንጥላው ግን አይዘረጋም።

«ለምን አትዘረጋውም?» አሉኝ ዶክተሩ።

«ስለት ነው። ልጅ ከሰጡኝ ብላ የተሳለችው።»

ይሄን ለማስረዳት አልደከምኩም። ወደ ቲሩፓቲ ቤተ መቅደስ የሚወጣው የእነሱ ሰው ስለቱን በጸጉሩ እንደሚከፍል፣ እዚያው ተላጭቶ እንደሚመለስ አጫወቱን። ሴትዮዋ ጆሮዋን ጥላብን ኖሮ፣ «ጸጉሩን ምን ያደርጉታል?» አለች። ቤተ መቅደሱ በጨረታ እንደሚሸጠው ነገሯት። ትንሽ አሰበችና፣ «ጥሩ ነው፣ ዳገት ላይ አይከብድም» ብላ ዣንጥላውን ወደ ሌላው ብብቷ አዛወረች።

ከላይ፣ ጥዱ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ የተኛ ሐይቅ አለ። ከግቢው በር ሥዕል ከሚሸጥበት ዘንድ ቆምን። ጸጉር እንደ ልብስ የለበሱት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች ተከበዋል። አንድ ዲያቆን እንግዳ መሆናችንን አይቶ፣ ጻድቁ እዚህ ሐይቅ ውስጥ በራሳቸው ተተክለው 100 ዓመት መጸለያቸውን ተረከልን። ዶክተሩ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛሉ። ሕንዶች ደስ ሲላቸው እንዲህ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ «ተወው ባክህ» ማለት ነው። ዲያቆኑ ፊቱ ተለወጠ።

«አያምኑም እንዴ እኚህ ሰው?»

እኔ ልገላግል አፌን ስከፍት፣ ዶክተሩ ስልካቸውን አወጡ። ማማላፑራም በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ በ7ኛው መቶ ዘመን ከአለት የተፈለፈለ ባሕታዊ፦ አጥንቱ አግጥጦ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ በአንድ እግሩ ቆሟል። ዲያቆኑ ስልኩን ተቀብሎ ምስሉን በጣቱ አሰፋው።

«በእግሩ ነው?»

«በአንድ እግር።»

«የእኛው በራሳቸው ናቸው» አለና ረክቶ ስልኩን መለሰ። ከዚያ ወዲያ ጠብ የለም።

ችግሩ የመጣው ከጫማው ነው። እኔ ጫማዬን ያወለቅኩት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነው። ዶክተሩ ግን ማንም ሳያዝዛቸው ከግቢው በር አውልቀዋል፤ አገራቸው ከበሩ ጫማ ጠባቂ ስላለ። ዝቋላ ጠባቂው እግዜር ነው፣ እሱ ደግሞ በንግሥ ቀን ሥራ ይበዛበታል። ስንመለስ ቡናማው የቆዳ ጫማ የለም። እኔ ሌባውን ስረግም እሳቸው ሳቁ። በእነሱ ዘንድ ከቤተ መቅደስ ደጅ ጫማ ሲጠፋ የሰውዬውን ክፉ ዕጣ ይዞ ይሄዳል አሉ። ያዘኑት ለወሰደው ሰው ነው። የሽሮ እራታቸውን (ሥጋ ስለማይበሉ ሁዳዴው ለእሳቸው የዘወትር ቀን ነው) በላስቲክ ኮንጎ ጫማ ሆነው በሉ።

ከዚያ በኋላ አላርፍ አሉ። ባቱ ሄደን ዝዋይን በጀልባ ተሻገርን፤ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ነፋስ ሞተሩ መሐል ሐይቅ ላይ ጠፍቶ፣ ጀልባው ሲዋልል ዶክተሩ ጋኔሻን፣ እኔ እመቤታችንን ጠራን፤ ማን እንደሰማ ባለጀልባው አልነገረንም። ቱሉ ጉዶ ደሴት ደረስን። በዮዲት ዘመን የአክሱም ጽላት 70 ዓመት ተሸሽጎባታል የሚባልባት ደብረ ጽዮን ማርያም ከኮረብታው ላይ ናት። ባለ ቁልፉ ካህን ወደ ባቱ ተሻግረዋል ተባልን። ዶክተሩ ግን የተዘጋውን በር ደጋግመው ተሳለሙና ጠግበው ወረዱ። የማዱራዩም ቢሆን፣ ከውስጠኛው ክፍል ካህን ብቻ ነው የሚገባው።

አሁን የሚያወሩት ስለ ኢሬቻ ነው። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሁድ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ወርደው እርጥብ ሣርና አበባ ሊነክሩ ነው፤ አገራቸውም ካቬሪ ለሚባለው ወንዝ አበባ ይሰጣል። ባለፈው አዲስ ጫማ ገዝተው አሳዩኝ፣ ውድ ነው።

«ሆራ ላይ እኮ ጫማ ማውለቅ ግድ አይደለም» አልኳቸው።

ቅር አላቸው።