ውዳሴ ዐውደ ጥናት

ሳይንስና እርሻ ተቀናጅተው አገርን ያለሙ ዘንድ ከሚደረገው ድካም ሁሉ እጅግ የከበረው በሆቴል አዳራሽ የሚፈጸመው ዐውደ ጥናት ሆኖ ሳለ፣ ይህን ቅዱስ ተግባር የሚያቃልሉ አንደበቶች ከቀን ወደ ቀን ሲበረክቱ እየሰሙ ዝም ማለት ከጨዋ ልጅ አይጠበቅምና፣ ውዳሴውን ባጭሩ ላቀርብ ተነሣሁ።

ሥርዓቱ እንደ ቅዳሴ ቀኖና አለው። ክቡር እንግዳው ዘግይተው ሲገቡ ጉባኤው በሙሉ ይነሣል፤ እርሳቸውም ቃለ ቡራኬያቸውን አሰምተው፣ ሌላ አስቸኳይ ስብሰባ እንዳለባቸው ገልጸው ይወጣሉ። ቀጥሎ ጥናት አቅራቢው ግብርና የኢኮኖሚያችን የጀርባ አጥንት መሆኑን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማል፤ ምእመናኑም ዛሬ ገና የሰሙት ይመስል በታደላቸው ደብተር ላይ ይጽፉታል። ምሳ ሲደርስ የማኛ ጤፍ እንጀራ ይቀርባል፤ በዚያ ቀን ሊቃውንቱና የእርሻ ፍሬ ፊት ለፊት የሚገናኙት በዚህች ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፣ ቅንጅቱ ፍጹም የሚሆነው በማዕድ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማታ የአበሉ ፊርማ ሲያበቃ፣ እትዉ በሰላም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ተብሎ ለምን አልተቀናጀም?» የሚሉ ችኩሎች አሉ። የእርሻ ምርምር ድርጅት በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ከ10 ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. ተከተለ፤ የመጀመሪያው ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲም በ1986 ዓ.ም. ወጣ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ማኅተም፣ የራሱ መዝገብ ቤት፣ የራሱም ዕቅድ ሲኖረው፣ አንዱ ለሌላው «ለመረጃ ያህል» የሚል ግልባጭ መላኩን እንደ ፍቅር የማይቈጥር ሰው፣ የመሥሪያ ቤትን ጠባይ ያላወቀ ነው።

ቅንጅት ያለ ዐውደ ጥናት ሲፈጸም ምን ዓይነት ነውር እንደሚያስከትል ግን በሰሜን ሸዋ ታይቷል። የመረሬ አፈር ክረምት ሲገባ ውሃ ቋጥሮ የዘሩን ሥር ስለሚያፍን፣ የእነዋሪ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ጭቃውን በእጃቸው እየዛቁ መደብ ይሠራሉ፣ በመደብና በመደቡ መካከልም ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይተዋሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ከዚህ ጥበብ ተነሥተው፣ ገበሬው በሚያውቀው ሞፈርና ቀንበር ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሠሩ። ልብ በሉ፤ ዲፕሎማ የሌለው መምህር፣ ዶክተሩም ተማሪ ሆነ! እንዲህ ያለው የማዕርግ መገለባበጥ ልማድ ቢሆን ኖሮ፣ የኮሚቴ ሰብሳቢዎቻችን በስተርጅና ቦት ጫማ ለመግዛት በተገደዱ ነበር። ደግነቱ ልማድ አልሆነም፤ ገበሬውም በሰነዶቻችን ውስጥ ወደ ተገቢው ቦታው ተመልሶ «ተጠቃሚ» ተብሎ ይጠራል፤ ምን እንደ ተጠቀመ የሚጠይቀው ስለሌለም ስሙ ሳይነካ ይኖራል።

አንድ ቀሪ እንከን ብቻ አለ፤ እርሱም የዝናሙ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ሲጀምር ገበሬው በቆሎውንና ማሽላውን ቀድሞ ዘርቶ፣ የጤፉን መሬት ደጋግሞ እያለሰለሰ ነው። የምርምሩ ገንዘብ እስኪለቀቅ፣ ጨረታው ተከፍቶ እስኪዘጋ፣ የመስክ መኪናው ነዳጅ እስኪፈቀድለት ድረስ መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ይጠራል። ይህን አይተው በጀቱ ከዘር ወቅት ጋር ይስማማ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በሕግ የጸደቀን መዝገብ ለደመና ማስገዛት የመንግሥትን ክብር መንካት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ዐውደ ጥናት የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ። ክረምቱ ከፋይናንስ ደንብ ጋር ተቀናጅቶ የግዥው ሥርዓት ከተፈጸመ በኋላ ብቻ እንዲገባ፣ ይህንንም የሚከታተል ከሁለቱም ቤት የተውጣጣ ዐቢይ ኮሚቴ እንዲሰየም፤ ገበሬውም ይህን ውሳኔ ሳይጠብቅ፣ እንደ ልማዱ ሰማዩን አይቶ በግንቦት በሬውን ቢጠምድ፣ ብሔራዊውን የሳይንስ ዕቅድ ያፈረሰው እርሱ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብልን።