መቶ አንድ ጊዜ ደጅ መጥናት

በካንሳስ ግዛት፣ በሎረንስ ከተማ፣ የአንድ ጋዜጣ ባለሙያዎች የድረ ገጻቸውን ሥራ ያፋጥኑ ዘንድ ፈጥረው በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቁት ጃንጎ የተባለው የፓይተን ማዕቀፍ፣ ስሙን ከጊታር ደርዳሪው ከጃንጎ ሬንሃርት የወረሰ እንደ መሆኑ፣ ለጆሮ የሚጥም ለዳታቤዝ ግን የማይራራ ነው ብሎ የሚያማው ቢኖር፣ ሐሜቱ ፍጹም ሐሰት ነው፤ ማዕቀፉስ የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል። ፕሮግራም ጸሐፊው መቶ ጽሑፎችን በአንድ ጥያቄ ካስመጣ በኋላ፣ በየጽሑፉ ግርጌ የደራሲውን ስም ያሳይ ዘንድ አንዲት ነጥብ ጣል ቢያደርግ፣ ያ ታዛዥ አገልጋይ ስለ እያንዳንዱ ስም ለየብቻው ወደ ግምጃ ቤቱ እየተመላለሰ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር መቶ አንድ ጊዜ ደጅ ይጠናል፤ ሰሌክት ሪሌትድ የምትባል ትእዛዝ ብትጨመር ግን ጉዞው ሁሉ አንድ በሆነ ነበር።

ጌታው ይህን አያይም፤ በእርሱ ላፕቶፕ ያሉት ጽሑፎች አምስት ናቸውና፣ ገጹም በቅጽበት ይከፈትለታልና፣ ሥራውን ባርኮ ያሰናብተዋል። የተጠቃሚው ዋይታ በተሰማ ጊዜ አስቀድሞ የሚወገዘው ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው፤ ቀጥሎ ሰርቨሩ፤ ከዚያም (ከደሙ ንጹሕ የሆነው) ኔትወርክ። የተላኩትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ የሚይዘው የማዕቀፉ መዝገብ እውነቱን በመሰከረ ነበር፤ ዳሩ ግን ዲበግ የተባለው የስሕተት መፈለጊያ ቅንብር ሲዘጋ መጻፉን ያቆማል፤ ለሕዝብ በተከፈተ ሥርዓት ደግሞ ዲበግን ክፍት መተው ለደኅንነት ሲባል ክልክል ነው፤ እንግዲህ ምስክሩ አፉን የሚከፍተው ወንጀሉ ማንንም በማይጎዳበት ስፍራ ሆነ። ስለ ገጹ መዘግየት የተጠራው ጉባኤም ጉዳዩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ ተጨማሪ ሰርቨር እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ይበተናል።