ምንጣፉ በምርቃት ነው

ይድረስ ለጋሼ፤
መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ

ሲልቨር ስፕሪንግ ብርዱ ቀደም ብሎ ገባ እንጂ ሌላ ክፉ ወሬ የለም።

ባለፈው በስልክ «መኪና ገዛህ አሉ፤ ስንት ብሎህ በስንት ጨረስክ?» ብለው ሲጠይቁኝ አድበስብሼ ያለፍኩት ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው። ዕድሜዎን ሙሉ መለዋወጫ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ነዎትና በአንድ ቁጥር ብመልስልዎ «ተበላህ!» ብለው ይዘጉታል። ሙሉውን ይስሙኝና ከዚያ ይፍረዱ።

መጀመሪያ የአሜሪካን ጠባይ ልንገርዎ። እዚህ ዋጋ ላይ ክርክር የለም። ዳቦውም፣ ጫማውም፣ ማቀዝቀዣውም ዋጋው ተለጥፎበታል፤ ከፍሎ መሄድ ነው። የማይለጠፍበት ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ የእሱ ዋጋ ከዳኑ በኋላ በፖስታ ይመጣል። እማዬ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ሱፐርማርኬት ወስጃት፣ ቲማቲሙ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ገንዘብ ተቀባይዋን በእጇ እያሳየች «መርቂልኝ እንጂ!» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ኃላፊዋን ጠራች። ኃላፊው መጥቶ ቲማቲሙን እንደገና መዘነው። እህትዎን ያውቋታል፤ «ሰውየውስ ጨዋ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብላ ሁለት ቲማቲም አስመልሳ ወጣች።

ይህ ለተለጠፈ ዋጋ አንገቱን ደፍቶ የሚያድር ሕዝብ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዳቦ ላይ አሥር ሳንቲም ተከራክሮ የማያውቀው ሰውዬ 35 ሺህ ዶላር ፊት ሲቀርብ ያለ የሌለ ወኔውን አጠራቅሞ ይገባል፤ ልምዱ ስለሌለው ተላጭቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ ክረምት ክረምት እርስዎ ባንኮኒ ሥር የካንዴላ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ያደግሁ ነኝ። ይቺን አገር በዚህ በኩል እንኳ እችላታለሁ ብዬ ነው የገባሁት።

አዲስ መኪና መስኮቱ ላይ ትልቅ ወረቀት ይለጠፍበታል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1958 የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ያስወጡት ሕግ ነው፤ ወረቀቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በፊት ነጋዴው አፉ እንዳመጣለት ዋጋ እየጠራ ሰዉን ይገፍፈው ነበር አሉ። አሁን የመኪናው መነሻ ዋጋ፣ የተጨመረበት ነገር ከነዋጋው፣ የማጓጓዣው፣ ከታች ደግሞ ድምሩ ይጻፋል። መኪናው ገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ማንም ወረቀቱን መላጥ አይችልም። ግሩም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ያ ድምር ፋብሪካው «በዚህ ቢሸጥ ጥሩ ነው» ያለው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሻጩም ፋብሪካው አይደለም። በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ምክንያት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በራሳቸው ሱቅ አይሸጡም፤ ለየከተማው ነጋዴ ያከፋፍላሉ። ስለዚህ ያው መኪና፣ በያው ቀለም፣ መንገድ ሲሻገሩ ሌላ ዋጋ አለው። በኮሮና ሰሞን መኪና የጠፋ ጊዜ ነጋዴው ከሴናተሩ ወረቀት ጎን የራሱን ወረቀት ለጥፎ በላዩ ላይ ሺዎች ይጨምር ነበር። መኪና ግቢውን ሲሞላበት ደግሞ ይቀንሳል። ይህን ለመረዳት እርስዎ ሴናተር አያስፈልግዎትም።

መኪና ልገዛ ነው ብሎ ሐበሻ መሀል መናገር መቼም ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። እዚህ አካባቢ ታክሲ ያልነዳ ሐበሻ ቢገኝ ታክሲ የነዳ ወንድም አለው፤ ሁሉም ባለሙያ ነው። ቅዳሴ እንዳለቀ ቡናው ላይ ጉባኤ ተቀመጠልኝ። አንዱ «በወሩ መጨረሻ ሂድ፤ ኮታቸውን ለመሙላት ይላላሉ» አለ። እውነቱን ነው። ሌላው «ቨርጂኒያ ተሻግረህ ግዛ፤ እዚያ ግብሩ 4.15 በመቶ ነው፣ የእኛ ሜሪላንድ ከ2025 ወዲህ 6.5 አድርጎታል» አለ። ይሄኛው ከንቱ ምክር ነው፤ ግብሩ የሚከፈለው መኪናው በሚመዘገብበት እንጂ በተገዛበት አይደለም። ቨርጂኒያ ያሉትም ቢሆኑ በየዓመቱ ለመኪናቸው የንብረት ግብር ይከፍላሉ፤ ይህን ሲያነሡባቸው ወሬ ይቀይራሉ። የጠቀመኝ ጥግ ላይ ዝም ብሎ ዳቦ ሲቆርስ የነበረው ነው። «እግርህን አታድክም፤ ለየሻጩ በኢሜል ጻፍና አውት ዘ ዶር ስንት ነው በላቸው» አለኝ። ግብሩ፣ ታርጋው፣ የወረቀቱ ሥራ ሁሉ ተጠቃልሎ ቁልፉን ይዘው የሚወጡበት ዋጋ ማለት ነው። ይህን ሲጠይቋቸው ግማሾቹ «ና እንነጋገር» ብለው ይመልሳሉ። እነሱን መተው ነው።

የእርስዎን ምክር ግን አልተጠቀምኩበትም። «ብሩን አሳየው፤ ነጋዴ ጥሬ ብር ካየ እጁ ይላላል» ይሉኝ ነበር። እዚህ ጥሬ ገንዘብ ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ትርፉ ብድሩ ላይ ነዋ! ባንኩ በ6 በመቶ አበድራለሁ ሲል ሻጩ ለገዢው 7 ብሎ ይነግረዋል፤ የመሀሏ ለእሱ ትተርፋለች። ስለዚህ እዚህ ብልሃቱ «በብድር ነው የምገዛው» ብሎ መግባት፣ ዋጋው ካለቀ በኋላ አስቀድመው ሌላ ቦታ ያስፈቀዱትን ብድር ከኪስ መምዘዝ ነው። እኔ ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን የተፈቀደልኝን ወረቀት አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ሻጩ። ስሙም ሱቁም አይነሣ። ከተቀመጥን ጀምሮ «መኪናው ይህን ያህል ነው» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ወፍራም ማርከር አወጣና ነጭ ወረቀት ላይ መስቀለኛ አስምሮ አራት ክፍል አደረገው፦ የመኪናው ዋጋ፣ የአሮጌዋ መኪናችን ግምት፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የወር ክፍያ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «በወር ስንት ቢሆን ይመቻችኋል?» አለ። ጋሼ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አለቀለት። በወር 500 ካሉት 500 ያደርግልዎታል፤ የ5 ዓመቱን ዕዳ 7 ዓመት አድርጎ። አሮጌዋን «በጥሩ ዋጋ ገመትኩላችሁ» ሲል ያቺኑ በሌላኛው ክፍል ከአዲሷ ላይ ይጭናታል። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ቆየችና ማርከሩን ከእጁ ተቀብላ ሦስቱን ክፍል ሰረዘች፤ ጣቷን ዋጋው ላይ አሳርፋ «ይኼን ብቻ» አለች።

እሱም «አለቃዬን ልጠይቅ» ብሎ ተነሣ። እዚህ የሚሸጥልዎ ሰው ዋጋ መቁረጥ አይችልም። የሚቆርጠው መስተዋት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ አለቃ ነው፤ አለቃው ደግሞ አይመጣም። በመስተዋቱ እናያቸዋለን፤ አለቃው ቆሞ ኳስ ሲወረወር በእጁ ያሳየዋል፣ የእኛው ሰው ይስቃል። ስለ ዋጋችን የሚያወሩ ከሆነ በጣም ሩቅ ወርውረውታል። በር ላይ ሲደርስ ሳቁን አጥፎ፣ ፊቱን ከስክሶ መጣና «ተቆጣኝ። 400 ዶላር ብቻ ነው የፈቀደልኝ» አለ። ቀጥሎ ፋብሪካው የላከላቸውን የግዢ ደረሰኝ ዘረጋልን፦ «ይኸው የገዛንበት! ከዚህ በታች ኪሳራ ነው።» ሳቄ አመለጠኝ። እርስዎ ሰፈር «ማርያምን! በገዛሁበት ነው የምሰጥህ» ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! እዚህ መሐላው በኮምፒውተር ታትሞ ይመጣል እንጂ ያው ነው። መኪናው ከተሸጠ በኋላ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከዋጋው 2 ወይም 3 በመቶ ያህል ለነጋዴው ይመልሱለታል፤ ያ ብዙ ጊዜ ደረሰኙ ላይ በግልጽ አይታይም።

ባለቤቴ ቦርሳዋን አነሣች። መርካቶ ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ «ኧረ ነይ እንጂ እህቴ!» ይባላል። እዚህ ማንም አልጠራንም። መኪና ማቆሚያው ድረስ ሆን ብለን እየተጎተትን ሄድን፤ አሁንም ማንም አልጠራንም። እኔ ልመለስ ዳድቶኝ ነበር፤ እሷ ናት በክንዴ የያዘችኝ። የወሩ መጨረሻ ነበርና ማታ እራት ላይ ስልኩ ጮኸ። «አለቃዬን ለመንኩላችሁ» አለ። እሷም በኢሜል ከሌላ ከተማ የመጣውን ዋጋ ቀስ ብላ አነበበችለት። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነና መስኮቱ ወረቀት ላይ ከተጻፈው 36,100 ዶላር 2,100 ወርዶ 34,000 ላይ ቆመ።

ምርቃቱ ላይ ነው የእርስዎ ትምህርት የሠራው። «ምርቃት ዋጋ ካለቀ በኋላ፣ ብር ከመቆጠሩ በፊት ነው» ይሉ አልነበር? በማግስቱ ብዕሩን ሰጥቶኝ ልፈርም ስል ቀና አልኩና «ምንጣፉስ?» አልኩት። ሰውየው ደክሞታል፣ ሽያጩንም በልቡ ቆጥሮታል። የጎማ ምንጣፍ ለአራቱም በኩል ሰጠ። የኋላውን የዕቃ መጫኛ ንጣፍ ጨመረ። ፖርቶመጋላውን እምቢ አለ። ቤንዚን ሙሉ ታንክ ሞላልን፤ ለሁሉም የሚደረግ ሆኖ ሳለ ከኪሱ ያወጣ አስመስሎ ነው የተናገረው። የኋላውን ወለል ገልጬ ስኮርታውን ባይ የለም! በቦታው ትንሽ የጎማ መንፊያና አንድ ጠርሙስ ማጣበቂያ አለ። ዛሬ ብዙ አዲስ መኪና እንዲህ ነው የሚመጣው። «ስኮርታስ?» ስለው «በዋጋ ነው» አለ። መኪና ያለ ስኮርታ ሸጦ ስኮርታውን ለብቻ የሚቸበችብ ነጋዴ ሶማሌ ተራም አላየሁ።

ያለቀ መስሎን ነበር። ለካ ሌላ ክፍል አለ፤ ጠባብ፣ ጸጥ ያለ፣ ከረሜላ በሳህን የተቀመጠበት። እዚያ ያለው ሰው ትሕትናው ለጉድ ነው። መኪናው ከፋብሪካው ዋስትና ይዞ እንደመጣ ነግሮን ሳይጨርስ፣ ዋስትናው ሲያልቅ የሚቀጥል ሌላ ዋስትና አቀረበ። ለቀለሙ መከላከያ፣ ለወንበሩ ጨርቅ መከላከያ፣ መስተዋቱ ላይ የሻንሲ ቁጥር መቅረጫ፣ ሁሉም «በወር ጥቂት ዶላር ብቻ» ነው። ትናንት በአንዱ እጅ የተቀነሰልን ሁሉ ዛሬ በዚህ ክፍል በሌላኛው እጅ ሊለቀም ነው። መጨረሻ ላይ «ጎማዎቹ በናይትሮጅን ተሞልተዋል፤ 199 ዶላር» አለ። አየር ባየር ንግድ ድሮም አውቃለሁ፤ አየሩን ራሱን ሲሸጡት ግን አላየሁም። እርስዎ እንጦጦ ላይ በነጻ የሚተነፍሱት አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ «አይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያልን አለፍን። በመጨረሻ ወረቀቴን ከደረት ኪሴ መዘዝኩ። ያን ጊዜ ከረሜላውን ወደ ራሱ ሳበው።

እዚህ ብዙ ሐበሻ «በሦስት ቀን ውስጥ ብመልሰውስ?» ብሎ ይጽናናል። የሦስት ቀኑ ሕግ ቤት ለቤት እየዞረ ለሚሸጥ ነው፤ መኪና ከመሸጫው ፈርመው ከወሰዱ የእርስዎ ነው። ስለዚህ ከመፈረሜ በፊት እያንዳንዷን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የወረቀት ማዘጋጃ የሚሏት አለች፤ ሜሪላንድ ከ500 ዶላር እንዳትበልጥ ገድቧት ነበር፣ በ2024 ወደ 800 ከፍ አደረጋት። ሁሉም ጣሪያውን ነው የሚያስከፍለው። እሷን አይቀንሱም፤ የሚቀነሰው የመኪናው ዋጋ ስለሆነ እሷን አስቀድሞ አስልቶ እዚያ ላይ ማስወረድ ነው።

ከሁሉ የገረመኝን ላጫውትዎ። ይህን ሁሉ ተሟግተን፣ ቦርሳ አንሥተን፣ እራት አቋርጠን 2,100 ዶላር አስወረድን። ከታች በኩል ግብር የምትል አንዲት መስመር ነበረች፤ ከ2,200 ዶላር በላይ። እሷን ማን ይከራከራታል? አለቃዋም መስተዋት ክፍል ውስጥ አይታይም።

አሁን ይፍረዱ። እኔ ግን ባለቤቴን እንደ ሸሪክ ሱቅዎ ቢያስገቧት እንደማይከስሩ እመሰክራለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ልጅዎ «ጋሼ፣ መኪናዋን ስትጨርስባት ላክልኝ» እያለ መልእክት ይልክልኛል። መኪናዋ የቤንዚን ናት፤ መንግሥት ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ባይከለክልም ለማኅበሩ የ5 ዓመት ዕዳ አለብኝ። እኔ ብነግረው ሰበብ ይመስለዋልና እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ