ጥቁር ስክሪን ምን ይዘራበታል?

እኛ የጅሩ ሰዎች ጥቁር ነገር አያስደነግጠንም። አፈራችን ራሱ ጥቁር ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ይቋጥርና ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ያም ሆኖ ማንም ተነስቶ «ይህ መሬት ሞቷል» አይልም። ሴቱም ልጁም ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደብ ያወጣል፣ በመደብና በመደብ መሃል ቦይ ያበጃል፤ ውሃው ይወርዳል፣ ስንዴው ይበቅላል። ጥቁር አፈር እንዲህ ነው። ጥቁር ስክሪን ግን ምን ይዘራበታል? ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያየሁበት የራሴን ሽበት ብቻ ነው።

ጣጣው የመጣው በእድር ነው። ጡረታ ስወጣ «መምህር ነህ፣ ጽሕፈትህም ያምራል» ተብዬ የእድራችን ጸሐፊ ሆንኩ። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ መዝገብ ማገላበጥ ይብቃህ» ብላ ከአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በአውቶቡስ ጫነችልኝ። ሞኝ ነኝና እሺ አልኩ። ያን ስንት ዘመን ከአይጥ የጠበቅኩትን ጥራዝ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ የአባላቱን መዋጮና ቅጣት፣ የድንኳኑንና የድስቱን ብዛት ሳይቀር ለዚህ ለሚያጓራ ቆርቆሮ አስረከብኩ። መዝገብ እኮ እሳት ካልነካው በቀር አይጠቁርም!

እሁድ ጠቅላላ ስብሰባ አለብን። ሐሙስ ጠዋት ማብሪያውን ተጫንኩት። ፋኑ ማጓራት ጀመረ፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ስክሪኑ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ያው ነው። ከሆዱ ውስጥ ብቻ «ጢጥ... ጢጥ... ጢጥ...» የሚል ድምፅ ይመጣል። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ያን የሚያላዝን ነገር ዝም አታሰኘውም?» አለችኝ። ሶኬቱን ነቅዬ ዝም አሰኘሁት።

ስክሪን የጠቆረበት ቤት ለቅሶ ቤት ማለት ነው፤ ሰው ይጎርፋል፣ ሁሉም የሚለው አያጣም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ «እኔ ብዬ ነበር» አለ። ይህ ሰው «ብዬ ነበር» ሲል እንጂ ነገሩ ሳይደርስ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሌላው «ቦርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ፤ ቦርድ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ቡናው ቀዘቀዘብኝ ብሎ ወሬ አስቀየረ። ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት አስጠራሁ። ሣጥኑን ሳይከፍት፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ «ፎርማት ይደረግ» አለ።

ፎርማት ማለት ራሱን ላመመው ሰው «ትዝታውን ጥረጉለት» ብሎ ማዘዝ ኖሯል። የከፈለው ካልከፈለው፣ የሞተው ካለው ጋር አብሮ ሊጠረግ! በኋላ እንደተረዳሁት ደግሞ ፎርማት የሚያጸዳው ሃርድ ዲስኩን ነው፤ የእኔው ጉድ ግን ሃርድ ዲስኩን ማንበብ ሳይጀምር ደጃፍ ላይ የቀረ ነው። ደጅ ላይ ለወደቀ እንግዳ ጓዳውን ቢጠርጉለት ምን ይረባዋል?

ስክሪን ሲጠቁርብኝ ደግሞ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ሲገባ፣ እኔም ጠመኔዬን እንደያዝኩ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። የሚያስተምረው ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ እኔ አብሪና አጥፊ። ታዲያ መብራት ድርግም ሲል ተማሪዎቹ ያን ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ያዞሩታል። መብራቱ ሲመለስ ሳተላይቱ ማንንም አልጠበቀ፤ ጥያቄው አልፎ መልሱ ላይ እንደርሳለን። ቢሆንም ያኔ ከጀርባዬ ሰሌዳ ነበረኝ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ነው፤ ሲጽፉበት እሺ የሚል ጥቁር። የዛሬው ጥቁር ግን ጠመኔም አይቀበል።

ቅዳሜ ማለዳ ሰንጋ የሚያደልበው ጎረቤቴ ብቅ አለ። የጅሩ ሰንጋ በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የሚነሳው በከንቱ አይደለም፤ አደላቢው ዓይን አለው። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ «በሬ መኖ እምቢ ሲል አፉ ተከፍቶ ምላሱ ይታያል። እናንተ ሦስት ቀን ስታወሩ የዚህን አፍ ማን ከፈተ?» አለኝ። አፈርኩ። «በል ልጄ ትየው፤ ትናንት ማታ ገብታለች» ብሎ ሄደ። ልጁ የምትማረው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየበት ብለው ስም ካወጡለት አገር ነዋ! ብርሃን የሚመጣ ከሆነ ከዚያው ይምጣ አልኩ።

መጣች። መጀመሪያ የስክሪኑን ገመድ ከሁለቱም በኩል ገፋ ገፋ አደረገች፤ ስክሪኑ የራሱ መብራት እንዳለው አየች። ቀጥላ ሶኬቱን ነቅላ ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭና ያዘች፤ በሆዱ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው አለች። ስታበራው ያ ድምፅ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐሙስ።»

«እና ምን አላችሁት?»

«ምን እንለዋለን? ይጮሃል!»

«እየጮኸ አይደለም ጋሼ፣ እየነገራችሁ ነው።»

ኮምፒውተር ገና ሲነሳ ከሁሉ በፊት ራሱን ይመረምራል። ራም የሚባለውን ማስታወሻውን ካላገኘ ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል ማውጣት አይሆንለትም፤ ስለዚህ በትንሿ ድምፅ ማውጫው ሕመሙን ይናገራል። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተርም እንዲሁ ይናገር ነበር፤ የድምፁ ቁጥርና ርዝመት ብቻ እንደ ሠሪው ይለያያል። ምስኪን! ሦስት ቀን ያመመውን ሲናገር እኛ በላዩ ላይ ስናወራ፣ እኔም ሶኬት ስነቅልበት ከረምን።

ሶኬቱን ነቅላ በካቻቢቴ ከፈተችው። የአገራችን አቧራ ግማሹ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። መጀመሪያ የሣጥኑን ብረት በእጇ ነካች፤ በገላ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ነው። ከዚያ መቀርቀሪያዎቹን ግራና ቀኝ ገፍታ አንድ ከጣት ረዘም ያለ ሳንቃ መሰል ነገር አወጣች። «ይኸው ራም» አለችኝ። ከታች በኩል እንደ ወርቅ የሚያበሩ ጥርሶች አሉት፤ የእኔው ግን እንደ እኔው ጥርስ ወይቧል።

«ጋሼ፣ ላጲስ አለዎት?»

ላጲስ አለህ ወይ ይባላል እኔን? እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ነጩን አወጣሁላት። የስንቱን ልጅ ስሕተት አጥፍቼበታለሁ፤ የኮምፒውተር ስሕተት እንደሚያጠፋ ግን ማንም አልነገረኝም። ጥርሶቹን በቀስታ ፈተገቻቸው፣ ፍርፋሪውን አራገፈች፣ መልሳ ሰካችው። ከሁለቱም ወገን «ቀጭ» አለ።

እግረ መንገዷን አንዲት ሳንቲም የምታህል ባትሪ አሳየችኝ፤ ላይዋ ላይ 2032 ተጽፏል። «እስከዚያ ዓመት ትሠራለች ማለት ነው? በእኛ ነው በፈረንጅ?» አልኳት፤ እኔ እስከዚያ እደርስ እንደሆነ በሆዴ እየቆጠርኩ። ሳቀች። ዓመት አይደለም፤ 20 ሚሊሜትር ስፋቷ፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረቷ ነው። ሥራዋ ሶኬቱ ሲነቀል ሰዓቱንና ቀኑን መያዝ ነው፤ የእኔዋ ግን ደክማለች።

ማብሪያውን ተጫነች። አንድ ጊዜ ብቻ አጭር «ጢጥ» አለና ስክሪኑ ቦግ! የአባላቱ ስም ከነቅጣታቸው ተደረደረ። ጥግ ላይ ያለው ቀን ግን ገና ጡረታ ያልወጣሁበትን ዓመት ያሳያል። «ላስተካክለው?» አለች። «ቡናው እስኪፈላ ተይው» አልኳት።

እሁድ ስብሰባው በሰላም አለቀ፤ ገንዘብ ያዡም «ይሠራል ብዬ ነበር» አለ። እኔ ግን ጥራዙን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሁሉንም በእጄ ገልብጬበታለሁ። በነጋታው ማለዳ ስነሳ እንደ ልማዴ ራሴን መረመርኩ፤ ጉልበቴ ሦስት ጊዜ «ቀጭ» አለ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ዛሬ ደግሞ ምን ያጉረመርምሃል?» አለችኝ።

ማጉረምረም አይደለም እኮ። እየነገርኳችሁ ነው። ሶኬት የሚነቅልብኝ ሞልቷል፤ የሚያዳምጠኝ ይምጣ እንጂ ላጲሱ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው።