የይፋጉ አባ አሳድር አጭር የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የቅርብና የሩቅ ዘመዶች፣ ቦታ ጠቧችሁ ከድንኳኑ ውጭ ቆማችሁ የምትሰሙም ጭምር፤ እባካችሁ ስልካችሁን ዝጉ። የሟችን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደተመረጥኩ በውል አልተነገረኝም። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ይፋግ ላይ ከመኪና ወርጄ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ። የሞተችው ይፋግ አይደለችም። ይፋግ አለች። ከወረታ ተነስታችሁ ርብን ተሻግራችሁ ወደ አዲስ ዘመን ስትሄዱ፣ ካልተኛችሁ ታዩዋታላችሁ። የምንሸኘው ማደሪያነቷን ነው፤ በፈረስ ስማቸው አባ አሳድር የሚባሉትን፣ መንገደኛ ሁሉ ጭነቱን አራግፎ እሳት አንድዶ የሚያድርባቸውን የነጋዴ ሰፈር።

ሟች አባ አሳድር ከአባታቸው ከአቶ ሲራራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፎገራ ሜዳ ይፋግ ላይ ተወለዱ። የተወለዱበት ቀን አልተመዘገበም፤ በዚያ ዘመን የሚመዘገበው የሚቀረጥ ብቻ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ኬላ ገቡ። ሂሳብ የተማሩት በአሞሌ ነው። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመል ወጥቶ፣ ትግራይ ላይ ወደ በቅሎና አህያ ተዛውሮ፣ እዚህ እስኪደርስ በየኬላው እየተሸራረፈ ዋጋው ግን እየወፈረ ይመጣ ነበር። ሌላው ገንዘብ ጠገራው ነበር፤ መቼም ቢመታ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት የተጻፈበት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ብር። አንደኛው ገንዘብ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል፤ ሁለተኛው ዕድሜውን ይዋሻል። በሁለቱ መካከል ያደገ ልጅ ነጋዴ ካልሆነ ምን ይሆናል?

የሟች የጉልምስና ዘመን 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከምጽዋ በአድዋና በጎንደር ወደ ጎጃሙ ባሶ የሚወርደው፣ ከባሶም ሽቅብ የሚመለሰው ቅፍለት እሳቸው ዘንድ ሳያድር አያልፍም። ወደ ላይ ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ፣ በቀንድ የታሸገ ዝባድ ይወጣል፤ ወደ ታች አሞሌ፣ ጨርቅና ዶቃ ይወርዳል። ሽፍታ ስለሚፈራ ነጋዴው በነጋድራሱ ስር ተሰብስቦ ይጓዛል፤ አንዱ እስኪመጣ ሌላው ይጠብቃል። መጠበቅ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ገለባ ይገዛል፣ ሲብስበትም ያገባል። አባ አሳድር ሀብታቸውን ያፈሩት ከዚህ ነው። አላመረቱም፤ አልፈበረኩም። የሌላውን ሰው መዘግየት ወደ ገቢ ለወጡ። ደብረ ታቦር ላይ ራስ ጉግሣ፣ ኋላም ራስ አሊ ሹም ሽር ሲያደርጉ፣ ይፋግ ላይ ደግሞ ስለ ሹም ሽሩ የሚወራበት ጠላ ይሸጥ ነበር። የትኛው ይበልጥ እንደሚያተርፍ ለእናንተ ልተወው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር በዚያው መንገድ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ተማርከው ወደ መተማና ወደ ምጽዋ የሚነዱት ሲራራው ባደረበት አድረዋል። የእነሱን የሕይወት ታሪክ ድንኳን ተክሎ ያነበበላቸው የለም። ይህን አንቀጽ ቤተሰቡ እንድዘለው ጠይቆኝ ነበር።

አሁን ወደ ሕመማቸው ልግባ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ ሟች በአንድ ጎናቸው ዛሉ። በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን መልሶ ሲያቃጥል፣ ወዲያውም ክፉ ቀን ገብቶ ከብቱ በደስታ በሽታ፣ ሰዉ በረሃብ ሲያልቅ፣ በሌላው ጎናቸው ዛሉ። ያም ሆኖ አልሞቱም። የበቅሎ መንገድ በጦርነት ይቋረጣል እንጂ አይሞትም፤ ዝናቡ ሲያባራ ነጋዴው ይመለሳል። የገደላቸው ሌላ ነው፤ የአስከሬን ምርመራው ወረቀት በእጄ ስላለ ላንብብላችሁ። የሞት ምክንያት፦ ባቡር።

አትሳቁ። ባቡሩ ይፋግን አይቷት አያውቅም፤ ይፋግም ባቡሩን አላየችም። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ፈቃድ የሰጡት ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዛሬ ድሬዳዋ በምትባለው ሜዳ ላይ አረፈ፤ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቡናው ሽቅብ ወደ ጎንደር የሚወጣበት ምክንያት አጣ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረና ፉርጎ ላይ ተሳፈረ። ምጽዋ ራቀች፤ ባሶ ተረሳች፤ በቅሎዋ ዋጋዋ ወረደ። አባ አሳድር ለብዙ ወራት በር ከፍተው፣ ገለባ ነስንሰው፣ ምድጃ አንድደው ጠበቁ። የሚመጣው እየቀነሰ ሄደ። ሰው በሩቅ ጥይት ሲመታ ድምፁን ሳይሰማ ይወድቃል ይባላል፤ የእሳቸውም እንዲያው ነው።

ያን የድሬዳዋ ሜዳ ተመልከቱት። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ ቆመ፤ ስሙንም «አዲስ ሐረር» አሉት። በ1999 ሕዝብና ቤት ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው ተቆጥሮበታል። ይህ ሁሉ ሰው የመጣው አንድ ሞተር ዳገት ስላቃተው ነው። እዚህም ጣሊያን ከተባረረ በኋላ የገነነችው የሟች ጎረቤት ስሟ ምን ይሆን? አዲስ ዘመን! የሊቦ ከምከም ወረዳ ዋና ከተማ ሆነች። በአገራችን ስሙ «አዲስ» ብሎ የሚጀምር ከተማ ሲወለድ አጠገቡ ያለ አሮጌ ከተማ ቢናዘዝ ይሻለዋል።

ለሟች መድኃኒት አልተፈለገላቸውም እንዳይባል ደግሞ፣ በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ብዙ ተሞክሯል። በ1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ባለቤቱን ሳያማክሩ ኢትዮጵያን በሦስት ጥቅም ሲመትሩ፣ ጣሊያን ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያገናኝ መሬት ለራሷ አሰመረች። በ1918 እንግሊዝና ጣሊያን ተመልሰው ተጻጻፉ፤ አንዷ ጣና ላይ ግድብ፣ ሌላዋ በዚያው በምዕራቡ በኩል የባቡር መስመር። ካርታው ላይ ከኤርትራ ወደ ጣና ጣታችሁን ብትጎትቱ የት የት እንደሚያልፍ ታዩታላችሁ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወስደው አከሸፉት፤ ደግ አደረጉ። በእንዲህ ያለ መድኃኒት የሚድነው በሽተኛው ሳይሆን ሐኪሙ ነው።

ሁለተኛው ማዘዣ የራሳችን ነው። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲወጣ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በካርታው ላይ ከሣላቸው መስመሮች አንዱ ወረታ–አዘዞ–መተማ የሚል ነበር፤ 244 ኪሎ ሜትር። ወረታና አዘዞ መካከል ማን እንዳለ እዚህ ላለነው መንገር አያስፈልግም። ሟች ይህን ሲሰሙ ከአልጋቸው ቀና ብለው ተቀመጡ አሉ። ባቡር የነጠቃቸውን ባቡር ሊመልስላቸው! ጣቢያ፣ ፉርጎ የሚራገፍበት መድረክ፣ ሻይ ቤት፣ ሌሊት የሚጠብቅ መንገደኛ። ወደዚህ ይመጣል የተባለው ሐዲድ ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ሊደርስ ሲል የኤሌክትሪክ ኃይል ጠበቀ፤ ኃይሉን ሲጠብቅ ጦርነት ቀደመው፤ ተዘረፈ። መጠበቅ እንደሆነ የይፋግ ሙያ ነበር። ሐዲዱም ተምሮታል።

እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም። በ1997 ገደማ በዚህ ወረዳ፣ ይፋግና ቡራን ጨምሮ፣ ትኩሳት ገባ። ወባ ተባለ፤ የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሰው ማለቁን አላቆመም። ቆይቶ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። ተመራማሪዎቹ በሽታውን ከሑመራና ከመተማ የእርሻ ሥራ ከሚመለሱት ጎልማሶች ጋር ያያይዙታል። የድሮው ሲራራ መንገድ መሆኑ ነው፤ ጭነቱ ብቻ ተለወጠ። መሬት ያነሰው ወጣት ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ፣ በደሙ ውስጥ ደግሞ ያላወቀውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። እሱ እንኳ ይፋግ ያደረው ቤቱ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ በሥርዓቱ መሠረት «ሟች የእነ እገሌ አባት ነበሩ» ብዬ ቁጥር መጥራት ይገባኛል። ችግሩ ቁጥሩ ነው። መንግሥት ሕዝቡን በ1976፣ በ1987ና በ1999 ቆጠረ። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ይደረጋል ተብሎ ተራዘመ፤ ደግሞ ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ ግምት ነው። ነጋድራሱ ኬላው ላይ ቆሞ ስንት በቅሎ እንደገባ፣ ስንት አሞሌ እንደተጫነ በጣቱ ያውቅ ነበር፤ ለምን ቢባል ከእያንዳንዱ ይቆርጥ ነበርና። በእኛ ዘመን ሰው የማይቆጠረው ምናልባት የሚቆረጥለት ነገር ስላለ ይሆናል። ብቻ፣ ሟች የብዙ ልጆች አባት ነበሩ ብዬ ልለፍ። ብዙዎቹ ባሕር ዳር ናቸው።

ስለ ውርሱ ግን ጭቅጭቅ አለ። አዲስ ዘመን ወረዳውንና መናኸሪያውን ወስዳለች። ወረታ ደግሞ ሩዙን ይዛ ሳለ በቅርብ ዓመታት ደረቅ ወደብ ተከፈተላት፤ ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር እዚያ ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ይቀረጣል፣ ሹፌሩም ወረቀቱ እስኪያልቅ ሻይ ይጠጣል። ባሕር የሌለው ወደብ! ሟች ቢሰሙ ሊሳሳቱበት የማይችሉት ነገር ነው፤ ኬላ ነው። የራሳቸው ኬላ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ተጉዞ፣ ስሙን ለውጦ፣ ክሬን ተክሎ። ለእሳቸው የተረፋቸው አስፋልቱ ነው፤ ከባሕር ዳር ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሦስት ሰዓት ባልሞላ የሚያስጨርስ። ይፋግ ማለፊያ ከተማ ናት ሲሉ የሰማሁት ሰው ወርቁን ይሁን ሰሙን እንደተናገረ እስካሁን አልገባኝም።

ሟች ባደረባቸው የመዘለል ሕመም በየሐኪሙ ካርታ ሲታከሙ ቆይተው፣ አንድ ቀን አንድ የሚኒባስ ረዳት «ይፋግ ወራጅ አለ?» ብሎ ጠይቆ ማንም ሳይመልስለት፣ ሹፌሩም ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ነገ በስምንት ሰዓት ይፋግ ላይ ይፈጸማል። ከባሕር ዳር የምትመጡ ለረዳቱ ገና ወረታ ላይ ንገሩት፤ ከጎንደር የምትመጡ አዲስ ዘመን ላይ። ይፋግ ደርሳችሁ «ወራጅ!» ብትሉ አታገኙንም። ያለፈው ሳምንት የመጡት አስለቃሾች እንደዚያ አድርገው እስካሁን ማክሰኚት ናቸው።