የነጌሌ ሰው ላንጋኖ ላይ

ስላሎም በአንድ የውሃ ስኪ ላይ አንዱን እግር ከፊት፣ ሌላውን ከኋላ አስገብቶ፣ ከሞተር ጀልባ ኋላ እየተጎተቱ ግራና ቀኝ የመንሸራተት ጨዋታ ነው። ሰፊ ውሃ፣ ጉልበት ያለው ሞተርና ደጋግሞ ለመውደቅ የቆረጠ ሰው ይጠይቃል። ነጌሌ ቦረና ያላት ሦስተኛው ብቻ ነው።

በነጌሌም ሆነ በያቤሎ፣ በሜጋም ሆነ በሞያሌ ውሃ በጀሪካን የሚቆጠር ንብረት ነው። ቱላ በሚባሉት የቦረና ኤላዎች (የውሃ ጉድጓዶች) ወንዶች በጥልቁ ጉድጓድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እየዘፈኑ በቅብብል ያወጡታል፤ እንዲህ የተደከመበትን ውሃ መጫወቻ ላድርገው የሚል ሰው በአካባቢው ሰምቶ የሚመልስለት አያገኝም። የገናሌና የዳዋ ወንዞች አዞ አለባቸው። አዞ ያለበት ውሃ ጀማሪን ቶሎ መነሣት ያስተምረው ይሆናል፤ ግን አይመከርም። በሜጋ አካባቢ ያለው የኤል ሶድ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ጥቁር የጨው ውሃ ነው። ጨው አውጪዎቹ አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ጠልቀው ጭቃውን ያወጣሉ፤ ጭነቱን ቀጥ ባለው ዳገት የሚያወጡት አህዮች ናቸው። ጀልባ ተሸክማ በዚያ መንገድ የምትወርድ አህያ ግን እስካሁን አልተወለደችም። ለነጌሌ የሚቀርበው ትልቅ ውሃ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ሐይቅ ነው፤ 110 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ የተሠራው 254 ሜጋ ዋት መብራት እንዲያመነጭ እንጂ ሰው እንዲንሸራተትበት አይደለም።

ስለዚህ ጉዞው ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ነው። መኪናው ዋደራን፣ አዶላን፣ ቦሬንና ሀገረ ሰላምን አልፎ፣ በሐዋሳና በሻሸመኔ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቦሬ ላይ ጉምና ብርድ ይቀበላሉ፤ ለዋና የወጣ የቆላ ሰው ካፖርት ሲለምን የሚታየው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ደጋው ካለፈ በኋላም ቢሆን ሐይቁ ከከተማው ከፍ ይላል፤ ነጌሌ 1,475 ሜትር ላይ ስትሆን ላንጋኖ 1,585 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ከፍታው ሞተሩንም ይመለከታል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ላንጋኖ ላይ ኪሳራው ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። አንድ ስኪ ደግሞ ስፋቱ ከሁለቱ ስለሚያንስ፣ ሰውን ከውሃ ለማውጣት የሚፈልገው ጉልበት የበለጠ ነው። ወፍራም ጀማሪና አሮጌ ሞተር በተገናኙበት ቀን ጀልባዋ ሰውየውን ትጎትት፣ ሰውየው ጀልባዋን ያስቁም ከዳር ለቆመ ተመልካች አይለይም።

ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ በመባሉ ለዋና የሚመረጥ ሐይቅ ነው። ቡናማ ያደረገው በውስጡ ተንሳፎ የሚኖር ደቃቅ አፈር ነው። እግሩን የሚያይ ስኪ ነጂ አጎንብሶ ይወድቃልና፣ እግር የማያሳይ ውሃ ለጀማሪ ትልቅ ውለታ ነው።

ትምህርቱ በሁለት ስኪ ይጀመራል። የትኛው እግር ከፊት እንደሚሆን ለመለየት አንዳንዱ አሠልጣኝ ተማሪውን ሳያስጠነቅቅ ከኋላው ገፋ ያደርገዋል፤ ዘዴው ለተመልካች ያስቃል እንጂ ሁልጊዜ አያስተማምንም። የተሻለው በሁለት ስኪ እየሄዱ አንዱን ከውሃው ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ጸንቶ የሚያቆመውን እግር መለየት ነው። እሱ ከፊት ይገባል። ከዚያ ሁለተኛው ስኪ ይጣላል፤ የተፈታው እግርም ከኋላ ይገባል። ይህን ማድረግ ከመጻፉ ይከብዳል።

ከውሃ ውስጥ በአንድ ስኪ ለመነሣት ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ ክንድን ዘርግቶ፣ የስኪውን አፍንጫ ከውሃው በላይ አድርጎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ማንሣት የጀልባዋ ሥራ ነው። የነጌሌው ሰው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የከብት ገበያዋ በታወቀ ከተማ ያደገ እጅ ገመድ ሲወጠር የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እንደ ደነበረ ግመል ገመድ ወደ ራሱ ይስበዋል። ክንዱ ሲታጠፍ ገመዱ ይረግባል፤ መልሶ ሲወጠር ሰውየው በግንባሩ ይደፋል። ከተደፋ በኋላም አይለቅም፤ ግመል የለቀቀ ሰው ሲፈልግ ይውላልና። ጀልባዋ ታዲያ በውሃው ውስጥ ይዛው ትሄዳለች። ከላይ ወጣቱ አሠልጣኝ «ጋሼ፣ ይልቀቁት እንጂ!» እያለ ይጮኻል፤ ጋሼ ግን ነጌሌ ላይ በገንዘብ የሚገዛውን ውሃ በነፃ እየጠጡ ናቸው።

የእጅ ምልክቶቹም የራሳቸው መዘዝ አላቸው። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲሆን «ፍጥነት ጨምር»፣ ወደ ታች ሲሆን «ቀንስ» ማለት ነው፤ ራስን በመዳፍ መምታት «ወደ ዳር መልሰኝ» ነው። እንደምንም ቆሞ ለመሄድ የበቃው ጀማሪ «ደህና ነኝ» ለማለት አውራ ጣቱን ያነሣል። የጀልባዋ ነጂም በታዘዘው መሠረት ይጨምራል።

መውደቅ ግን ለጨዋታው አዲስ አይደለም። የውሃ ስኪን የጀመረው የአሜሪካ ሚኒሶታው ራልፍ ሳሙኤልሰን ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. በፔፒን ሐይቅ፣ በ18 ዓመቱ። በበርሜል ሳንቃና በበረዶ ስኪ ሞክሮ ሰጠመ፤ የተሳካለት ረጅም የጥድ ሳንቃዎችን ጫፍ በፈላ ውሃ አለስልሶ ወደ ላይ ካቀና በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ለመቆም ቀናት ፈጅቶበታል፤ አስተማሪ የሆነው ውድቀቱ ብቻ ነበር።

የውድድሩ ስላሎም ሌላ ዓለም ነው። ጀልባዋ 259 ሜትር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ስኪ ነጂው ከመካከለኛው መስመር 11.5 ሜትር ርቀው ከተተከሉት ስድስት ተንሳፋፊ ኳሶች ውጭ ውጭውን ይዞራል። ከፍተኛው ፍጥነት ለወንዶች በሰዓት 58፣ ለሴቶች 55 ኪሎ ሜትር ነው። 18.25 ሜትር የነበረው ገመድ በየዙሩ ያጥራል፤ ከ11.5 ሜትር በታች ሲሆን ኳሱ ጋ የሚያደርሰው የሰውነት ዝንባሌና የእጅ ርዝመት ብቻ ነው።

የነጌሌው ጀማሪ ከእነዚህ ኳሶች ጋር ቶሎ አይተዋወቅም። በማግስቱ የሚያገኘው ቡጢ መጨበጥ ያቃተው እጅና ሻንጣ የማያነሣ ክንድ ነው። ስለዚህ ከነጌሌ የምትነሡ፣ ነፋስ ሳይነሣ ጧት ጧት ተለማመዱ፤ የመልሱን ቲኬት ግን ለማግስቱ አትቁረጡ።