ቆቡን ቀዶ ሰፊው

“ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” የሚለውን ተረት የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ስለ እኔ መሆኑ የገባኝ ግን ስልክ ፍላሽ ማድረግ ከለመድሁ በኋላ ነው። መነኩሴው እንዲያውም ይሻላል፤ የሚቀደው የራሱን ቆብ ነው። እኔ የሰውንም እቀዳለሁ። አሰፋፌም አያምርም።

ሱስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባትሪ ቶሎ አለቀ፣ ፍላሽ። ቴሌግራም ተንቀራፈፈ፣ ፍላሽ። አዲስ አንድሮይድ ሲመጣማ አይጠየቅም። ሌላው ሰው “አፕዴት” የምትለዋን ነክቶ ተኝቶ ያድርና ጠዋት ሲነሣ ፎቶውም ቁጥሩም በቦታው ሆኖ ሲስተሙ ተቀይሮ ያገኘዋል። ለእኔ ያ የሰነፍ ሥራ ነው። “አዲስ ሲስተም በአሮጌ ቆሻሻ ላይ አይጫንም” እላለሁ፣ ፊቴን እንደ ሐኪም ኮስተር አድርጌ። አልፎ አልፎ እውነትነት አለው፤ ብዙውን ጊዜ የለውም። ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ነው። ስልክ ማጽዳት መወሰን ይጠይቃል። የትኛው ፎቶ ይቅር? የሞተ ሰው ቁጥር ይሰረዝ ወይስ ይቀመጥ? ሳልመልስለት ወር ያለፈው መልእክትስ? ፍላሽ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም፤ ሁሉንም እኩል ጠራርጎ ይወስድና “ቋንቋ ይምረጡ” ይላል። ያቺን የመጀመሪያዋን ገጽ እወዳታለሁ። ዕዳ የለባትም፣ ያልተነሣ ጥሪ የለባትም፣ ማንም አልተቀየመባትም። “ስልኬ ፍላሽ ሆኖ ቁጥርህ ጠፍቶብኝ እኮ ነው!” የምትለዋ ዐረፍተ ነገርም ከስንት ክርስትና፣ ከስንት አበዳሪ እንዳዳነችኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጀማመሬ ክፉ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች አማርኛ አያነቡም ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ ከዐሥር ዓመት በኋላ የመጡት ስልኮች እንኳ ቅርጹን የሚያወጣ ፎንት አልነበራቸውም። “እንኳን አደረሰህ” ተብሎ የተላከው መልእክት የባዶ ሳጥን ሰልፍ ሆኖ ይደርሳል። መድኃኒቱ ስልኩን ሩት አድርጎ፣ ማለትም የተቆለፈውን ሲስተም ከፍቶ፣ ፎንቱን ሲስተሙ ውስጥ መክተት ነበር፤ እጅ ከሳተ ደግሞ ስልኩ አልነሣም ይላል፣ ያኔ ፍላሽ ነው። ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ ይማር በነበረ ጓደኛዬ ዶርም ውስጥ አንድ ምሽት ይህን ሠርቼ ሳጥኖቹ ፊደል ሆነው ብቅ ሲሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ “ባለሙያ!” ብሎ ጮኸ። እዚያ ላይ ነው የተበላሸሁት። ከዚያ ወዲህ ስልኮቹ አማርኛን ከፋብሪካቸው ይዘውት መጡ፤ እኔ ግን የሚታከም በሽታ በሌለበት ሕክምናዬን ቀጠልሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ይህም ሌላው ችግሬ ነው። ፋክተሪ ሪሴት የሚያጠፋው ተጠቃሚው ያስቀመጠውን ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ስልኩን ወደ ዱሮው አንድሮይድ አይመልሰውም። ፍላሽ ግን ሲስተሙን ራሱን ከኮምፒውተር በኬብል እንደ አዲስ ይጽፋል። ለሳምሰንግ ኦዲን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሚዲያቴክ ቺፕ ላላቸው፣ ማለትም ገበያችንን ለሞሉት ለብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች፣ ኤስፒ ፍላሽ ቱል አለ። ይህ ሁለተኛው ምርጫ ይሰጣል። “ዳውንሎድ ኦንሊ” ያልነው እንደሆነ የሚጻፈውን ብቻ ይጽፋል። “ፎርማት ኦል” ያልነው እንደሆነ ግን ኤንቪራም የምትባለውን ጥግ ሳይቀር ይጠርጋል፤ የስልኩ መለያ የሆነው ባለ 15 አሐዝ አይኤምኢአይ ደግሞ የሚኖረው እዚያች ጥግ ውስጥ ነው። ጠንቃቃ ሰው መጀመሪያ የእሷን ቅጂ ያወጣል። እኔ “ሁሉንም” የሚል ቃል ሳይ ልቤ ይሸፍታል።

ይህን ያደረግሁት መቼ መሰላችሁ? በ2010 ዓ.ም. መግቢያ፣ ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ መለያ ቁጥር ምዝገባ በጀመረበት ሰሞን። አገር ምድሩ *#06# እየደወለ መለያውን ያያል፣ የተመሳሰለበት ይደነግጣል፤ እኔ ገዛ እጄ ቁጥሩን አጥፍቼ ማንነት የሌለው ስልክ ይዤ ባሕር ዳር መሐል ቆሜያለሁ። ኔትወርክ የለ፣ ምን የለ። አንገቴን ደፍቼ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድሁ። ልጁ ስልኩን አገላብጦ አየና፣

“ማነው እንዲህ የነካካው?” አለኝ።

“የጎረቤት ልጅ ነው” አልሁ።

ባትሪው ሥር ከተለጠፈችው ወረቀት ላይ ቁጥሩን አንብቦ የራሱን መለያ መለሰለት። ሒሳቡን ተቀብሎ ሊሸኘኝ ሲል፣ “ልጁን ግን ምከረው” አለኝ። እመክረዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ሌላውን ስልኬን የገደልሁት በመብራት ነው። ከጣና ውኃ እየሳበ የሚሠራው የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ጢስ ዓባይ ደግሞ ከዚያ ዐሥርት ዓመታት አስቀድሞ በቅርባችን አለ። ቢሆንም መብራት ይጠፋል፤ ይህን የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ባትሪው ሞቶ በሶኬት ብቻ በሚነሣ ላፕቶፕ፣ ሰማዩ በጠቆረ የሐምሌ ከሰዓት፣ ፍላሽ የሚጀምር ሰው ምን ይባላል? የፍላሹን ሂደት የምታሳየው መስመር ከግማሽ አልፋ ስትሄድ ሁሉ ነገር ድርግም አለ። ስልኩ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የእሱን ሲስተም የያዘ ፋይልም በሐርድ ዲስኬ ላይ ተቀምጧል። የሞቱ ስልኮችን ሲስተም በጥንቃቄ በፎልደር ለይቼ የማስቀምጥ ሰው ነኝ፤ የእናቴ ፎቶ ግን የለኝም።

አሁን ወደ አክስቴ ስልክ ልምጣ፤ እስካሁን ሳድበሰብስ የቆየሁት እሱን ፈርቼ ነው።

አክስቴ የዘጌ ሰው ናቸው። ዘጌ እንደ ትውፊቱ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል መሬቱ አይታረስም፣ ዛፉ እንደ ልብ አይቆረጥም፤ ቡናው ከጥንት ጀምሮ ከዛፍ ጥላ ሥር ይለቀማል። መሬት እንኳ በማይገለበጥበት አገር የኖሩ ሴት ስልካቸውን አምነው ለእኔ መስጠታቸው የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ዘመድ “ባለሙያ ነው” ብሎ አሳስቷቸው ነው። ጊዜው 2016 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። በክልላችን የሞባይል ዳታ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ እንደተቋረጠ ነበር። ቡና ለመሸጥ ባሕር ዳር መጥተው በዚያው እኔ ዘንድ አረፉ።

“ልጀ፣ ይኸ ስልክ ሞልቷል እያለ ያስቸግረኛል” አሉኝ።

ቴሌግራም ነው የሞላው፤ ዳታ ሳይቋረጥ የወረደ የመዝሙር ቪዲዮ ነው። ሁለት ቦታ ነክቶ ካሹን ማጽዳት ይበቃ ነበር። እኔ ግን የስልክ ቁጥር መዝገቡን ከፍቼ ደነገጥሁ። ስም የሚባል ነገር የለም! አንዱ ቦታ የዓሣ ሥዕል፣ ሌላው ቦታ መስቀል፣ ጀልባ፣ ዶሮ፣ የቡና ሲኒ። “እትዬ፣ ይሄ ስልክ ቫይረስ ገብቶበታል” አልሁ። “ፍላሽ ይፈልጋል።”

“ያማል?” አሉ። አዘንሁላቸውና ሳቅሁ።

በሴቲንግ ገብቼ ባጠፋው ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ግን እሳቸው እያዩኝ ስለሆነ የባለሙያ መንገድ መረጥሁ፤ የድምፅና የማብሪያ ቁልፎችን አንድ ላይ ጨብጬ በሪከቨሪ ደመሰስሁት፣ ከዚያ ፍላሽ አደረግሁት። እንዲህ ተደርጎ የጠፋ ስልክ የተሰረቀ ይመስለዋል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ በመጣው ጥበቃ የተነሣ ሲነሣ የዱሮውን ጂሜይልና ፓስወርድ ካልሰጣችሁኝ አልከፍትም ይላል። እኛ አገር ደግሞ ጂሜይል የሚከፍተው ማነው? ስልኩን የሸጠው ልጅ ነው፤ ሱቁ ውስጥ፣ ቆሞ፣ በዚያች ደቂቃ ራሱ በፈጠረው ስም። ሻጩ ሱቁን ለቆ ሄዷል። ፓስወርዱ ቢገኝ እንኳ ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ዳታ የለም። አንድ ማኪያቶ አዝዤ ሐይቁ ዳር ዋይፋይ ያለው ሆቴል ውስጥ እስኪመሽ ተቀምጬ ግምቴን ሁሉ ሞከርሁ። የአክስቴን ስም፣ የልጃቸውን ስም፣ የክርስትና ስማቸውን። አስተናጋጁ ማኪያቶው በረደ አለኝ።

በዚህ መሀል አክስቴ ሌላ ነገር ታያቸው። “ብሬስ? ብሬንም አጠፋኸው?” የቡናው ገንዘብ ቴሌብር ላይ ነበር። ሲም ካርዳቸውን አውጥቼ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ሰካሁና በ*127# ሒሳባቸውን አሳየኋቸው። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ እንደማይኖር ለማስረዳት ብዙ ደከምሁ። “ታዲያ የት ነው የሚኖር?” አሉኝ። ሩቅ ቦታ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ስላቸው፣ “አንተ እዚያ አትደርስም አይደል?” አሉ። አልደርስም አልኋቸው። በዚያ ቀን ያጽናናቸው ይኸው ብቻ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከልጅ ልጃቸው ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስንደውልላት፣ “የስልኩ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ” አለች። ካርቶኑ ዘጌ፣ ቆጥ ላይ ነበር። ጂሜይሉም ፓስወርዱም አለ፤ እኔ ካርቶኑ የት ነው ብዬ አልጠየቅሁም ነበር። ቀጥላም ሥዕሎቹ ምን እንደሆኑ ነገረችኝ። አያቷ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ለዓሣ አጥማጁ ዓሣ፣ ለንስሐ አባታቸው መስቀል፣ ለጀልባ ነጂው ጀልባ ሰጥታ፣ አያቷ ማንንም ሳያስቸግሩ እንዲደውሉ አድርጋለች። ቫይረሱ ይኼ ነበር። ቁጥሮቹ ሴቭ የተደረጉት ስልኩ ላይ ስለነበር ጂሜይሉ አልመለሳቸውም። ዱሮ የጠፋ ፋይል ቆፍሮ የሚያወጣ ፕሮግራም ነበረኝ፤ የአሁን ስልክ ግን ሁሉን ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ ሲደመሰስ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል፤ መቆፈር ከንቱ ነው።

ጥፋቴን ለመካስ ቁጥሮቹን ከዘመድ አዝማድ ሰብስቤ እንደገና መዘገብሁ። በሥርዓት፣ በሙሉ ስምና በማዕርግ። ወንዱን ሁሉ “አቶ” ብዬ፣ ሴቱን ሁሉ “ወ/ሮ” ብዬ። ስለዚህ ዘጌ በሙሉ ሁለት ፊደል ሥር ተሰልፋ ቆመች። አክስቴ ደግሞ ሥዕሉ ሲጠፋባቸው በቦታ ለመያዝ ሞከሩ፤ ከላይ ሦስተኛው፣ ከታች ሁለተኛው እያሉ።

በሁዳዴ፣ አንድ ጠዋት፣ ዓሣ አጥማጁ ጋ ደወልሁ ብለው፣ ሰላምታም ሳያበዙ፣ “ዛሬስ ወፍራም ወፍራሙን አስቀርልኝ፣ ትናንት የሰጠኸኝ አጥንት ብቻ ነው!” አሉ። ስልኩን ያነሡት ንስሐ አባታቸው መምሬ ነበሩ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሐይቁ ዳር ስንት ዘመን እንደቆየ የሚያውቅ ያውቃል፤ መምሬ ደግሞ አይበላም ከሚሉት ወገን ናቸው። ረጅም ዝምታ ሆነ አሉ። ከዚያ፣ “ትናንትም ነበር?” ብለው ጠየቁ።

ከፋሲካ በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ዘጌ ሄድሁ። ልጅቷ ሥዕሎቹን መልሳ ሠርታለች፤ ጂሜይሉ ላይም ሴቭ አድርጋቸዋለች፤ የቴሌግራምን ካሽ እንዴት እንደሚያጸዱም ለእኔው አሳየችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ለሽማግሌ እንደሚያስረዱት። መምሬ ቡና ሊጠጡ መጥተው ስለ ነበር ጉልበታቸውን ሳምሁ። ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ትንሽ ቆይተው ከጋቢያቸው ሥር ስልክ አወጡና፣

“ልጀ፣ ይኸም ሞልቷል ሞልቷል እያለ አስቸግሮኛል፤ አንተ ታውቅበት የለ?” አሉኝ።

ተቀበልኋቸው። መፍትሔውን አውቀዋለሁ፤ ከሩብ ሰዓት በፊት ነው የተማርሁት። ስልኩን አገላበጥሁት፤ ፊቴ ኮስተር ሲል ይታወቀኛል።

“አባ፣ ይሄማ ፍላሽ ነው የሚፈልገው” አልሁ።

“ይቀበሉት!” አሉ አክስቴ ከጀበናው ብድግ ብለው። “አባ፣ ኧረ ስልክዎን ይቀበሉት!”